ሦስተኛ ከአራተኛ ይበልጣል

ከዳቬይተን እስከ አሌክሳንድራ ጆሃንስበርግን ብትዞሩ፣ ክፍልፋይ ማወዳደር የሚችል የሐበሻ ልጅ ካጋጠማችሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጉራ አይደለም፤ የታወቀ ነው። ሦስት አራተኛንና አምስት ስምንተኛን ዓይኔ ተሸፍኖ፣ ታክሲ ውስጥ ሦስት ሰው ላዬ ላይ ተጭኖ፣ ሹፌሩ ሙዚቃውን ሰማይ ድረስ ከፍቶት እንኳ አወዳድራለሁ። ማወዳደር የማይችል የሐበሻ ልጅ ካጋጠማችሁም እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህኛው እስካሁን ብዙም አይታወቅም።

አሁን ማስተማር ትቼ በሚኒባስ ተማሪ አመላልሳለሁ። ሰዎች ሲያገኙኝ «ምነው ቲቸር፣ ጠመኔውን ጥለህ መሪ ጨበጥክ?» ይሉኛል። ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተማሪ በመስኮት ያመልጠኝ ነበር፣ አሁን ግን በሩን የምከፍተው እኔ ብቻ ነኝ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ትዝ ይለኝና ደሜ ይፈላል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ከዱራሜ ወጣ ባለች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የተማሪው ብዛት አይነገርም። ክፍሉ ሲሞላ ለእኔ መቆሚያ ስለማይተርፍ ግማሽ አካሌን በር ላይ አድርጌ ነበር የማስተምረው። ደመወዙን አልናገርም፤ አንባቢን ማስለቀስ ነውር ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በዚያ ሀገር ወላጅ ልጁን የሚጠይቀው «ምን ተማርክ?» ብሎ አይደለም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። አንደኛ የወጣ በግ ይታረድለታል። ሦስተኛ የወጣ ትከሻው መታ መታ ይደረጋል። አሥራ አምስተኛ የወጣ ደግሞ አጎቱ ቤት ሄዶ ያድራል። እኛ ደረጃን ከእናት ጡት ጋር የጠባን ሕዝብ ነን።

ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጣሁ። ስለ መንገዱና ስለ ወረቀቱ ብዙ ሰው ጽፏል። የእኔን የወረቀት ሰልፍ ብተርከው ራሱ ትረካው ስለሚሰለፍ ልለፈው። መጀመሪያ የገባሁት ዳቬይተን፣ የአጎቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ነው። ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ በቆምኩ በመጀመሪያው ጠዋት አንዲት እናት መጡና «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ፣ ኮታ አለ?» አሉኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ኮታ ማለት በቀበሌ ተሰልፈን ስኳርና ጨው በሰው ቁጥር የምንቀበለው ነው። ወደ ጓዳ ሮጬ ለአጎቴ ልጅ እዚህም አገር ኮታ መጀመሩን አበሰርኩት፣ ሳሙናውንም እንድንደብቅ መከርኩት። ሳቁ እስከ ምሳ ሰዓት አላቆመም። ለካ እዚህ ኮታ ማለት ሩብ ዳቦ ነው፤ ሆዱ ተፈልፍሎ ድንች ጥብስና ፖሎኒ የሚባል ቋሊማ የሚጠቀጠቅበት።

እዚያው ሱቅ አንድ ጎልማሳ ሁለት ሩብ ዳቦ ጎን ለጎን ይዞ ተቆጣኝ። አንደኛው ከትልቁ ዳቦ የተቆረሰ ነው፤ ሁለተኛው ከትንሹ። ሩብ ሩብ ነው ብዬ ተከራከርኩት፤ አስተማሪ ነኝ እኮ። ሰውዬው ሁለቱን ዳቦ ዓይኔ ሥር አስጠግቶ፣ የእኔ ሩብ ከየትኛው ዳቦ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ማስቲካ መረቅኩለትና ሸኘሁት።

ወደ ሂሳብ የመለሱኝ ጋሼ ኤርጫፎ ናቸው። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከምባታና ሀዲያ ውስጥ ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ልጆቻቸው ጡረታ ላይ ወደዚህ አመጧቸው። ትሮይቪል ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ሰብስበው በነፃ ያስተምሩ ነበር። አጠገባቸው አቆሙኝና ሥራ አስጀመሩኝ። ዝግተኛ ነበሩ። ዝግተኛ ስላችሁ፣ አንድ ጥያቄ ሲጀምሩ ጢሜን ተላጭቼ የመጣሁት ሰውዬ መልሱ ላይ ስንደርስ ጢማም እሆናለሁ። ልጅ ትክክለኛ መልስ ሲነግራቸው «መልሱ ልክ ነው፤ ደግመህ ሥራው» ይላሉ። የተሳሳተ መልስ ከሰሌዳ አያጠፉም። ዙሪያውን ሳጥን ይሠሩለትና እስከ ትምህርቱ መጨረሻ እዚያው ይተውታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስህተት እንግዳ ነው፤ ሳይበላ አይሸኝም» አሉኝ።

እኔ ታዲያ ተሰላቸሁ። ወንድም ታምራት የሚባል የሀገሬ ልጅ እዚያው ትሮይቪል፣ ከመጋረጃ ሱቅ በላይ፣ ማስጠኛ ቤት ከፍቶ ሲጠራኝ አዳራሹን ትቼ ሄድኩ። ታምራት በበጋም ከነክራቫቱ ነው። ራሱን ዳይሬክተር ብሎ የሾመ፣ ከጠረጴዛው ላይ የማትጠፋ ደወል ያለችው ሰው ነው፤ በእሷ የሚጠራው ሰው ግን ከእኔ በቀር አልነበረም። የሱ እምነት አንድ ነው፤ ወላጅ ቸኩሏል። ሱቁን ዘግቶ ልጁን የሚያመጣ ሰው ማታ ላይ ልጁ አንድ ነገር ይዞ ሲመለስ ማየት አለበት።

ተማሪዎቻችን ሁለት ዓይነት ነበሩ። እዚህ የተወለዱት ሂሳቡን በእንግሊዝኛ ያነባሉ። ከሀገር ቤት በቅርብ የመጡት ደግሞ በአማርኛ፦ አንድ ሁለተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አራተኛ። ሁለቱም ጋ ያለው በሽታ አንድ ነው። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ አንድ አራተኛም ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ይላሉ። ይህን በሽታ የማያውቅ አስተማሪ በዓለም ላይ የለም። እኔ ግን መድኃኒቱን በአማርኛ አገኘሁት። አንድ ቀን ከሀገር ቤት የመጡትን ሰብስቤ፣ ሦስተኛ የወጣና አራተኛ የወጣ ተማሪ ቢመጡ በግ የሚታረደው ለማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ለሦስተኛው አሉ። እንግዲያው ሦስተኛ ከአራተኛ ይበልጣል፣ አራተኛ ከስምንተኛ ይበልጣል፣ ሁለተኛ ሁሉንም ይበልጣል። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ቀን ያልገባው ልጅ አልነበረም። በደስታ ልቤ አብጣ ሸሚዜን ልትቀድ ደረሰች።

ታምራት ሰማ። በሳምንቱ ደረጃው ላይ የግድግዳ ያህል ባነር ተሰቀለ፦ «ክፍልፋይ በአንድ ቅዳሜ! ሦስተኛ ከአራተኛ ይበልጣል!» እውነት ነው፣ ሕጉ የሚሠራው ላዕሉ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ከላይ ያለው ቁጥር ከተለያየ ገደል ይከታል። ነገር ግን «ብቻ» የምትለው ቃል ባነሩ ላይ ቦታ አልተገኘላትም። እኔም ቦታ ይፈለግላት አላልኩም።

አሁን ወደ ሩት ልምጣ።

ሩት ከሆሳዕና የመጣች፣ ማስጠኛ ቤታችን የምትማር፣ ስድስተኛ ክፍል ልትገባ የደረሰች ልጅ ናት። ወላጆቿ አሌክሳንድራ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ሀገር ቤት ከአያቷ ጋር ሆና አንደኛ እየወጣች ነው ያደገችው። አንድ ትምህርት ቤት የምደባ ፈተና ሰጥቷት ውጤቱ ሲመጣ እናቷ እህት አበራሽ «አስተርጉምልኝ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ምክትል ዳይሬክተሯ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ፈገግታዋ በሥርዓት የሚወጣና የሚገባ ሴት ናት። ሌላው ሂሳቧ ደህና እንደሆነ ነገረችንና አንዱን ገጽ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ጥያቄው አራት ክፍልፋዮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ አስቀምጡ ይላል፦ አንድ ሁለተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አምስት ስምንተኛ፣ ሦስት አራተኛ። ሩት በሚያምር እጅ ጽሑፍ አምስት ስምንተኛን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛን፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስተኛን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሁለተኛን አስቀምጣለች። ግማሽ፣ የሁሉም ንጉሥ።

ምክትሏ፣ ግማሽ ከሦስት አራተኛ እንደሚያንስ የማያውቅ ልጅ አራተኛ ክፍል ገብቶ ቢጀምር ለራሱ ይሻለዋል አለች። ሁለት ዓመት! በአንዲት መስመር! ንዴቱ ከእግሬ ጣት ተነሳ። ልጅቷ ባሕር ያህል ሂሳብ ሠርታ በአንዲት ጠብታ ትመዘናለች? ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ልደረድር አፌን ስከፍት ምክትሏ ቀደመችኝና፣ እንዴት አስባ እንደዚህ እንዳስቀመጠች ልጅቷን ጠይቅልኝ አለችኝ።

ጠየቅኳት። ሩት ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ቲቸር፣ ራስህ አይደለህ እንዴ ያልከን? ስምንተኛ የወጣ ከሁሉ ያንሳል፤ ሁለተኛ የወጣ ከሁሉ ይበልጣል።»

«ምን አለች?» አለች ምክትሏ።

«አስተማሪዬ እንደዚህ ብሎ ነው ያስተማረኝ ትላለች።»

«አስተማሪዋ ማን ነው?»

አስተርጓሚ ሆኖ የማያውቅ ሰው ይህን ስቃይ አያውቀውም። «እኔ ነኝ» አልኩ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አደረገችና እንደ አዲስ አየችኝ። ይኼኔ እህት አበራሽ ክንዴን ነካ አድርጋ «ወንድም ማቴዎስ፣ ምን እያላችሁ ነው?» አለችኝ። ጉዴን አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በአማርኛ ተናገርኩ። ሃዲይኛ አለመቻሌ ጠቀመኝ እንጂ ሦስተኛም ነበረልኝ።

ምክትሏን ግን አመሰግናታለሁ። በጃንዋሪ ትምህርት ሳይከፈት ልጅቷን ደግማ እንደምትፈትናት ቃል ገባች። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሩት እናቷ ሳትሰማ ወገቧን በእጇ እያሳየች እንዲህ አለችኝ፦

«አራተኛ ክፍል ከሆነ አልገባም። ልጆቹ እዚህ ድረሴ ናቸው። ሱቅ እቀመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሩትን ይዤ ጋሼ ኤርጫፎ ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩን ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ሰብሬ ነበር የቆምኩት። አልተቆጡም። የሩትን መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፉትና ሳጥን ሠሩለት። ከዚያ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ሀገር ቤት ስንተኛ ትወጪ ነበር?»

«አንደኛ።»

«ጎሽ። ሦስተኛ የሚወጣውስ ስንት ልጅ ነው?»

«አንድ ነዋ።»

«እዚህ ስንት ሦስተኛ አለ?» ብለው ሁለት ሦስተኛ የሚለውን በጠመኔ ነኩት።

ሩት ከላይ ያለችውን ሁለት ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያት ሰው አየቻት። «ሁለት» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲህ ይኼ የሚወዳደር ተማሪ አይደለም፤ የተቆረሰ ነገር ነው። ታህቱ የቁራሹ ስም ነው፣ ላዕሉ ብዛቱ ነው። ቲቸርሽ ስሙን አስተምሮሻል። ብዛቱን ረስቶታል።» እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጣሪያ አየሁ።

ቀጥለው ሁለት ወረቀት ሰጧት። አንደኛው ከሌላው በጣት ያህል ያጥር ነበር። ሩት ተቀብላ ማጠፍ ስትጀምር እጇን ያዙና፣ ሁለቱ ወረቀቶች እኩል ናቸው ወይ ብለው ጠየቋት። ስታነባብራቸው አንዱ አጠረ። እኔ የዳቬይተኑ ሰውዬ ሁለት ዳቦ ይዞ ፊቴ ቆሞ ታየኝ። ያ ሰው በማስቲካ የሚሸኝ ሰው አልነበረም።

እኩል የሆኑ ወረቀቶች ሲገኙ አንዱን ቁም ለቁም ለሦስት አሳጠፏት፤ ሁለቱን ክፍል በእርሳስ አጠቆረች። ሌላውን አግድም ለአራት አሳጠፏት፤ ሦስቱን አጠቆረች። ማን ይበልጣል አላሏትም። እኔ ብሆን ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን «አሁን አንዱ የሌላውን እጥፋት ይልበስ» አሉ። ለሦስት የታጠፈችው ወረቀት አግድም ለአራት፣ ለአራት የታጠፈችው ቁም ለቁም ለሦስት ታጠፈች። ሲዘረጉ ሁለቱም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቤት ሆኑ። አንዱ ላይ የጠቆረው ስምንት ቤት ነው፤ ሌላው ላይ ዘጠኝ።

«የአንዷ ቤት ስም ማን ነው?»

«አሥራ ሁለተኛ።»

«የሁለቱም?»

«የሁለቱም።»

«እንግዲያው አሁን ብዛት ይጠየቃል።»

«ሦስት አራተኛ ይበልጣል» አለች ሩት።

«ልክ ነው። ደግመሽ ሥሪው።»

ደግማ ሠራችው። በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ያለ ወረቀት ሠራችው። አራቱን ክፍልፋዮች ባንድ ስም ለመጥራት ሁለትንም፣ ሦስትንም፣ አራትንም፣ ስምንትንም የሚያስተናግድ ቁጥር መፈለግ ነበረባት። የስምንትን ብዜቶች ያዘች። ስምንት ራሱ ለሦስት አይካፈልም፤ አሥራ ስድስትም እንቢ አለ፤ ሃያ አራት ሁሉንም ተቀበለ። ከዚያ ታህቱን በስንት እንዳባዛች ላዕሉንም በዚያው አባዛች። ግማሹ አሥራ ሁለት ሃያ አራተኛ ሆነ፣ አምስት ስምንተኛው አሥራ አምስት፣ ሁለት ሦስተኛው አሥራ ስድስት፣ ሦስት አራተኛው አሥራ ስምንት። ሩት ሰሌዳውን አይታ ወደ እኔ ዞረችና «ቲቸር፣ ሁለተኛ ያልከው ጭራ ወጣ» አለችኝ። ጋሼ ኤርጫፎ ሳጥን ውስጥ የነበረውን የድሮ መልስ ያን ጊዜ አጠፉት። እንግዳው በልቷል።

እኔ ከዚያ በቀጥታ የመጋረጃ ሱቁን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ወጣሁና ባነሩን መንቀል ጀመርኩ። ታምራት ደወሉን እየመታ ወጣ። የሚጠራው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ ፊቱ ቆሜያለሁ። ባነሩ ይውረድ፣ ለሁሉም ልጅ እንደ አዲስ በጋራ ታህት ይሠራ፣ ወላጆቹም ይነገራቸው አልኩት። አንዲት ልጅ በወደቀች ቤት አይፈርስም አለኝ። እንዴት አንዲት ልጅ? ያቺን ሕግ ይዘው የሄዱት ሁሉ እኮ በየትምህርት ቤቱ ግማሽን እያነገሡ ነው! ክራቫቱን አስተካከለና ረጋ ብሎ «ማቴዎስ፣ ያቀለልከው አንተ ነህ። እኔ የሰቀልኩት ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰው ሲናደድ ደግሞ እንደ እውነት የሚያቃጥለው ነገር የለም። ባነሩን ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ። ታምራት በሳምንቱ ሌላ ባነር ሰቀለ። የአሁኑ ክፍልፋይን በአንድ ሰዓት ይላል።

በጃንዋሪ ለድጋሚው ፈተና ሄድን። ሩት የጽሑፉን ጥያቄ ጨርሳ «ኮመን ዲኖሚኔተር» እያለች ለምክትሏ በእንግሊዝኛዋ አስረዳቻት፤ እኔን ያስተረጎመኝ የለም። ምክትሏ ግን ብልህ ናት። ባዶ ወረቀት አቀረበችና ሰባት ስምንተኛና ስምንት ዘጠነኛ ብላ ጻፈች። የትኛው ይበልጣል?

በእኔ ሕግ ስምንተኛ ከዘጠነኛ ይበልጣላ! ሩት እርሳሷን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። ሰባት ስምንተኛ አጠገብ ስልሳ ሦስት ሰባ ሁለተኛ ብላ ጻፈች። ስምንት ዘጠነኛ አጠገብ ስልሳ አራት ሰባ ሁለተኛ። ከዚያ ሁለተኛውን አከበበችውና ሳትጠየቅ ከታች ደግማ ሠራችው።

«ስድስተኛ ክፍል» አለች ምክትሏ።

እህት አበራሽ ይህቺን እንግሊዝኛ ያለ አስተርጓሚ ገባትና አለቀሰች። ሩት ግን የዩኒፎርሙ ካልሲ ረጅም ነው አጭር ብላ ጠየቀች። ልንወጣ ስንል ምክትሏ እኔን አስቀረችኝ። ከሀገራችሁ የሚመጡ ልጆች እየበዙ ነው፣ በሂሳብ የሚያግዝ ረዳት እንፈልጋለን አለችኝ። ባለፈው «እኔ ነኝ» ማለቴን እንዳልረሳችውም ነገረችኝ። ከዚያ መመዝገቢያ ገጿን ከፍታ ምን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። እናትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

የተማርኩት ስፖርት ነው። ዲፕሎማዬ የሰውነት ማጎልመሻ ነው የሚለው። ትምህርት ቤቱ የሂሳብ አስተማሪ ሲያጣ ዳይሬክተሩ «ዙር መቁጠር ከቻልክ ይህንንም ትችላለህ» ብለው ጠመኔ ሰጡኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። በማትሪክ ሂሳብ ያመጣሁት ዲ ነው። ይህንኑ ነገርኳት፤ መሪ የጨበጥኩትም ለዚህ ነው።